«ልጄ የካቶሊክ ሲስተር (መነኩሲት) ልሆን ነው አለችኝ፤ ከገባች በኋላ መመለስ ትችላለች?»

ደብዳቤው፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ስሜን እንዳያወጡብኝ አደራ፤ ከተማችን ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ናት።

ባለቤቴ ካቶሊክ ነበር፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አያቴ ደግሞ ሙስሊም ነበሩ። ወሎ ነውና ይኼ ነገር በቤታችን ጠብ ሆኖ አያውቅም። ልጆቼ በአባታቸው ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ፤ በዓሉን ሁሉ አብረን ነው የምንውለው። ባለቤቴ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ተፈናቅለን ሳለን ታሞ አረፈ። ከእሱ ወዲህ ሦስት ሆነን ቀረን።

ትልቋ ልጄ 24 ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት። ኮምቦልቻ ነው የምትሠራው። በሳምንቱ መጨረሻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ቤት ትመጣለች። ታናሹ ወንድ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው።

ባለፈው ወር ቡና አፍልቼ ተቀምጠን «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለችኝ። እኔ የመሰለኝ የሽማግሌው ጉዳይ ነው። ሰኔ ላይ አንድ ጥሩ ልጅ ሽማግሌ ልኮ «ትንሽ ጊዜ ስጡን» ብዬ መልሻቸው ነበር። እሷ ግን «ጥቅምት ላይ ፖስቱላንት ሆኜ አዲስ አበባ ልገባ ነው፤ ሲስተር መሆን እፈልጋለሁ» አለችኝ። ሁለተኛው ሳይቀዳ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በወጉ አላናገርኳትም።

እኔ የማውቀው ምንኩስና አንድ ነው። የመነኮሰ ሰው ለዓለም ሞቷል፤ ፍትሐት ተደርጎለት ነው ቆብ የሚደፋው። ጎረቤቴም «በቁሟ ቀበርሻት በይኛ» አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ «ወረቀቷን ደብቂ፤ ያለ ወረቀት አይቀበሏትም» ብሎ መከረኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ዲግሪዋንና የጥምቀት ወረቀቷን ሳጥን ውስጥ ከነጠላዬ ሥር አድርጌ ቆልፌበታለሁ። እስካሁን አላወቀችም።

በስልክ ስታወራ አስፒራንት፣ ኖቪስ፣ የመጀመሪያ መሐላ፣ የዘላለም መሐላ ስትል እሰማታለሁ። አንዱም አይገባኝም። ወደ ሲስተሮቹ መመላለስ ያበዛችው አባቷ ከሞተ በኋላ ነው። ሐዘን ይሆን? አታልለዋት ይሆን? ገብታ ባትወደው መውጣት ትችላለች? ብሞትስ ትቀብረኛለች? አባቷ የተወልንን ቤት ድርሻዋን ለማኅበሩ ትሰጠው ይሆን? ደግሞ የወንድሟን ወጪ የምትሸፍነው እሷ ናት፤ ይኼን ስጽፍ አፍራለሁ። ቅሪ ልበላት ወይስ ልመርቃት?

የልጅ እናት፣ ከደሴ

መልሱ፦

የተከበሩ እናታችን፣

አብሽሩ። ደብዳቤዎ ውስጥ ብዙ ጥያቄ አለ። ከሁሉም ሥር ያለው ፍርሃት ግን አንድ ይመስለኛል፦ ልጄ ጥቅምት ላይ በዚያ በር ስትገባ በዚያችው ቀን ለዘላለም ከእጄ ትወጣለች የሚል። ባለቤትዎን ካጡ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን አብራ የተሸከመችው ይህች ልጅ ናት። በዚያ ላይ እርስዎ በሚያውቁት ሥርዓት የሚመነኩስ ሰው ፍትሐት ይደረግለታል። ይህን የምታውቅ እናት ያንን ወሬ ሰምታ ከቡናው ብትነሣ ምን ይገርማል? እኔ አልፈርድብዎትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቃላቱን እንፍታቸው። ፍርሃቱ ሁሉ ባይሄድም፣ የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን ለይተው ያውቃሉ።

ልጅዎ ጥቅምት ላይ ሲስተር አትሆንም። ይህን አስቀድመው ይያዙልኝ። ፖስቱላንት ማለት ከማኅበሩ ጋር እየኖረች የምታይና የምትታይ ልጅ ናት። መሐላ አልገባችም። የማኅበሩ አባልም ገና አይደለችም። ከሲስተሮቹ ጋር ትጸልያለች፣ ትማራለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ በክሊኒክ ወይም በትምህርት ቤት ታግዛለች። ርዝመቱ እንደየማኅበሩ ይለያያል፤ ስድስት ወርም፣ አንድ ዓመትም፣ ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። ነገሩ አልሆነልኝም ካለች ሻንጣዋን ይዛ መምጣት ነው። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋትም።

አስፒራንት የሚባለው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ለዚህ ሕይወት የእግዚአብሔር ጥሪ ያላት የሚመስላት ልጅ ማኅበሩን የምታውቅበት፣ እነሱም እሷን የሚያውቁበት ጊዜ። አንዳንዱ ማኅበር እቤቱ ያኖራታል፤ ሌላው ደግሞ ሥራዋን እየሠራች እንድትመላለስ ያደርጋል። ልጅዎ ኮምቦልቻ እየሠራች ወደ ሲስተሮቹ ስትመላለስ የቆየችው ምናልባት ይህንኑ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ነገሩ ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም ማለት ነው።

ከፖስቱላንት ቀጥሎ ኖቪስ ትሆናለች። እርስዎን ሳያስከፋዎት የማይቀረው ደረጃ ይሄ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ላስረዳዎት። የገዳም ሕይወቷ በይፋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የላቲን (የሮማ) ሥርዓት ካቶሊኮች ቀኖና፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ መሠረት ኖቪስ ለመሆን ቢያንስ 17 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ጊዜው ከ12 ወር አያንስም፣ ከሁለት ዓመትም አይበልጥም። በመጨረሻው ላይ ጥርጣሬ ካለ ብቻ እስከ ስድስት ወር ሊራዘም ይችላል። ከውጭ መጥተው በአገራችን የሚያገለግሉ ብዙ ማኅበራት የሚመሩት በዚህ ቀኖና ነው። እንደ አገራችን የግዕዝ ሥርዓት ያሉ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የራሳቸው ቀኖና አላቸው። ስለዚህ የልጅዎ ማኅበር በየትኛው እንደሚመራ ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

ታዲያ ያ 12 ወር ጥብቅ ነው። ኖቪስ የምትኖረው ለዚሁ በተለየ ቤት ነው። በጠቅላላው ከ15 ቀን በላይ ከቤቱ ከራቀች የጎደለውን ማካካስ አለባት። ከሦስት ወር በላይ ከሆነ ደግሞ ዓመቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ስልኳ ሊጠፋ፣ ለበዓል ሳትመጣ ልትቀር ትችላለች። ይህን ዛሬ ካወቁት የዚያን ጊዜ «ረስታኛለች» ብለው አይጎዱም። በእናንተም ገዳማት አመክሮ አለ፤ ገና ቆብ ሳይደፋ በረድእነት ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ የሚፈተን ሰው አለ። ኖቪስ ያ ሰው እንደማለት ናት። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ ኖቪስም ብትሆን በፈለገች ቀን ወጥታ መሄድ ትችላለች። ቀኖናው በግልጽ ይፈቅድላታል። ማኅበሩም «ይህ ሕይወት ለአንቺ አይደለም» ብሎ ሊያሰናብታት ይችላል። መመዘን የእሷ ብቻ አይደለም፤ ጤናዋን፣ ጠባይዋን፣ ብስለቷን እነሱም ያያሉ።

መሐላ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመጀመሪያው መሐላ የጊዜ ገደብ አለው። ድህነትን፣ ንጽሕናንና ታዛዥነትን ለተወሰነ ጊዜ ትምላለች፤ አንዳንዱ ማኅበር በየዓመቱ ያሳድሰዋል። ይህ ዘመን ከሦስት ዓመት አያንስም። እስከ ስድስት ዓመት ይሄዳል፣ ካስፈለገም እስከ ዘጠኝ ይደርሳል። የማለችበት ጊዜ ሲያልቅ «አልቀጥልም» ብትል ነፃ ናት። የዘላለም መሐላ የሚባለው የመጨረሻው ነው፤ ፍርሃትዎ ቦታ የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። እሱን ከማሉ በኋላ መውጣት ቀላል አይደለም። እንደ ማኅበሩ ዓይነት ከሮም ወይም ከሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ፈቃድ ይጠይቃል።

እስቲ አብረን እናስላው። አንድ ዓመት ፖስቱላንት፣ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ኖቪስ፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ዓመት በጊዜያዊ መሐላ። በጣም ቢፈጥን አምስት ዓመት ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። ልጅዎ የዘላለም መሐላ ጋ ስትደርስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ማዘር ተሬዛን ያውቋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1928 በ18 ዓመታቸው ከቤታቸው ወጥተው ሎሬቶ የሚባለው ማኅበር ገቡ። የመጀመሪያ መሐላቸውን በ1931፣ የመጨረሻውን በ1937 ፈጸሙ። ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። ማለባበስ ስለማልወድ ይህንንም ልጨምርልዎት፦ እሳቸው ወደ ህንድ ከሄዱ በኋላ እናታቸውን ዳግመኛ አላዩም። ያ ግን ሌላ ዘመን፣ ሌላ ርቀት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ጧት አውቶቡስ የያዘ ሰው ማታ ይገባል።

ሲስተሮች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም ይወቁ። ከቅጥር ሳይወጡ በጸሎት የሚኖሩ አሉ። ክሊኒክ የሚያስተዳድሩ፣ የሚያስተምሩ፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ የሚያጥቡ አሉ። የማዘር ተሬዛ ሲስተሮች ከሦስቱ መሐላ ሌላ አራተኛ አላቸው፤ ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆነውን በሙሉ ልብ ማገልገል። በቅዱስ ቪንሰንት ዘፓውሎና በቅድስት ሉዊዝ እ.ኤ.አ. በ1633 የተመሠረቱት የፍቅር ሥራ ልጆች ደግሞ የዘላለም መሐላ የላቸውም፤ በየዓመቱ ነው የሚያድሱት። ልጅዎ የምትገባው የትኛው ዘንድ ነው? በደብዳቤዎ ላይ አልነገሩኝም፤ ምናልባት እርስዎም አልጠየቋት ይሆናል። «ብሞትስ ትቀብረኛለች?» ላሉት መልሱ የሚታወቀው በዚህ ነው። በሥራ ላይ ካሉ ማኅበራት ብዙዎቹ ለቤተሰብ ሐዘን ይለቃሉ፤ ዝግ ገዳም ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ታዛዥነት ማለች ማለት የት እንደምትመደብ የምትወስነው እሷ አይደለችም ማለት ነው። ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ ምናልባትም ወደ ሌላ አገር ልትላክ ትችላለች። ይህን ልጅዎ ራሷ እንድትነግርዎት ይጠይቋት።

ስለ ቤቱ ድርሻ በጣም አይጨነቁ። በአብዛኞቹ ማኅበራት ሲስተር የቤተሰብ ንብረቷን ባለቤትነት አታጣም። ከመጀመሪያው መሐላ በፊት ንብረቷን ማን እንዲያስተዳድርላት እንደምትፈልግ ራሷ ትመርጣለች፤ እርስዎን ወይም ወንድሟን ልትመርጥ ትችላለች። ቢዘገይ ቢዘገይ ከዘላለም መሐላ በፊት ደግሞ ኑዛዜ ትጽፋለች። ከመሐላ በኋላ በሥራዋ የምታገኘው ገንዘብ ግን የማኅበሩ ነው።

አሁን ወደሚያሳፍርዎት ነገር ልምጣ። እናታችን፣ አያሳፍርም። አሥረኛ ክፍል ያለ ልጅ አለ፤ ደብተሩ፣ ጫማው፣ ነገ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው። ጥቅምት ላይ ሥራዋን ከለቀቀች ያ ደሞዝ በዚያው ወር ይቋረጣል። ይህ የቤት ጉዳይ ነው፤ ሳይነገር ቢቀር ግን ቂም ይሆናል። ለልጅዎ በግልጽ ይንገሯት፤ ግን ማስቀሪያ አያድርጉት። «ወንድምሽን ለማን ጥለሽው ነው?» ማለት አንድ ነገር ነው። «ይኼን ያህል ብር በየወሩ ይጎድለናል፣ አብረን እንዴት እናድርግ?» ማለት ሌላ ነው። ምናልባት እሷም ስታስብበት ከርማ ይሆናል። ምናልባት መግቢያዋን አንድ ዓመት ለማዘግየት ማኅበሩን ትጠይቅ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለ ምክንያት መጠየቅ ነውር የለውም። ወይም ደግሞ አጎቱ፣ ያ ወረቀት ደብቂ ያለው ወንድምዎ፣ ለእህቱ ልጅ ትምህርት እጁን ይዘረጋ ይሆናል። ስለ ቤተሰቡ ያን ያህል ከተቆጨ እስቲ በዚህ ያሳየን።

ስለ ወረቀቱ ግን ጠንከር ልበልብዎት። ያውጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ፣ ፈልጋ ሳታጣው፣ በእጅዎ ይስጧት። በአንድ በኩል ነገሩን አያስቀረውም። ወደ ኖቪስነት ለመግባት የጥምቀትና የሜሮን ማስረጃ፣ ያላገባች መሆኗም ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ጥምቀቷ በቁምስናው (በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ ሄዳ ብትጠይቅ ሌላ ይጽፉላታል። በሌላ በኩል፣ አንድ ቀን የቁልፉን ነገር ብትደርስበት ሌላ ምንም ነገር ልታምንዎት ይከብዳታል። ደግሞ እርስዎ የምትፈልጉት ልጅዎ የሚከብዳትን ሁሉ እንድትነግርዎት አይደለም እንዴ? ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ፈርቼ ነው ያስቀመጥኩት፤ እንኪ» ካሉ ይበቃል።

ሐዘን ይሆን ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሊሆን ይችላል። አባቷን በስደት ላይ ቀብራለች፤ ያን ሰሞን ደሴና ኮምቦልቻ ያየነውን ማን ይረሳል? ሐዘን ሰውን ወደ እግዚአብሔር ይወስዳል፤ አንዳንዱን ለዘለቄታው፣ ሌላውን እስኪጽናና ድረስ። የትኛው እንደሆነ እኔም እርስዎም ከውጭ ሆነን አናውቅም። እነዚያ ዓመታት የተቀመጡት ደግሞ ይህን ለማጥራት ነው። በአባቷ ናፍቆት ብቻ የገባች ከሆነ በፖስቱላንትነቷ ወይም በኖቪስነቷ ይታወቃል። መታለልን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ አጥብቃ ትጠነቀቃለች፤ በግድ፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል የተገባ ኖቪስነት በቀኖናው ዋጋ የለውም። ማኅበሩ የታወቀ መሆኑን ለማረጋገጥ ከፈለጉ የባለቤትዎን ቁምስና ካህን ያነጋግሩ። ደሴ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ውስጥ ናት፤ ካህኑ በዚያ በኩል ጠይቀው ሊነግሩዎት ይችላሉ። ለራስዎ ማጽናኛም የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፤ ይህን ብቻዎን አይሸከሙት።

ሽማግሌዎቹን አይርሷቸው። «ትንሽ ጊዜ ስጡን» ካሉ ወራት አልፈዋል። ያ ልጅ እየጠበቀ ነው። ጥቅምት ላይ ከሰው አፍ ቢሰማው ለእሱም ለቤተሰቡም ውርደት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ወሬ አይቆይም። ከልጅዎ ጋር ተነጋግራችሁ በዚህ ሳምንት ቁርጡን ይንገሯቸው። «ልጅቷ ሐሳቧ ሌላ ነው፤ ልጃችሁን አናስጠብቀውም፤ ስላከበራችሁን እናመሰግናለን» ማለት ይበቃል። ምናልባት በልብዎ «ትመለስ ይሆናል፣ እስከዚያ ይቆይልኝ» የሚል ሐሳብ ካለ እባክዎ ይተውት። እሱም የሰው ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርዎት። ከገባች መመለስ ትችላለች ወይ ብለው ጠይቀውኛል። በቀኖናው ለብዙ ዓመታት ትችላለች። ልጆችን ሳይወዱ የሚያስቀራቸው ብዙ ጊዜ ቀኖናው አይደለም። የሰፈር አፍ ነው። «ገዳም ገብታ ወጣች» «ምን ሠርታ ይሆን ያባረሯት» የሚለው ነገር። ሁለት ዓመት ቆይታ ጥሪዋ እንዳልሆነ የገባት ልጅ የእናቷን ፊት እያሰበች ትቀመጣለች። ወሬውን ሽሽት ብላ ያልፈለገችውን መሐላ የምትምልም አትጠፋም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እርስዎ ልመልሰው፦ ልጅዎ በሁለተኛው ዓመት ሻንጣዋን ይዛ ብትመጣ እንዴት ይቀበሏታል? ያ ወንድምዎ ምን ይላል? ጎረቤትዎስ ለቡና ሲመጡ ምን ትነግሯቸዋላችሁ? ሳትሄድ ይህን ካሰቡበት፣ ስትሸኟት «ብትመጪም ቤትሽ ነው፤ ማንም ምንም አይልሽም፣ ቢልም እኔ አለሁ» ሊሏት ይችላሉ። ይህን ሰምታ የሄደች ልጅ ብትቀርም ወዳ ትቀራለች፣ ብትመለስም ሳትሸማቀቅ ትመለሳለች።

ከመሄዷ በፊት አብረዋት አዲስ አበባ ይሂዱ። ፖስቱላንቶቹን የምታሳድገዋን ሲስተር ማነጋገር እንደሚፈልጉ ልጅዎ አስቀድማ ትንገርልዎት። እናት መጥታ መጠየቋ ነውር አይደለም፤ የማትመጣ ናት የምታሳስባቸው። የምትተኛበትን ክፍል ይዩ። ምን እንደሚበሉ ይዩ። ከዚያ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ስልክ መደወል የምትችለው መቼ ነው? እኔስ መቼ ልመጣ እችላለሁ? ብትታመም ማን ያሳክማታል? ቤተሰብ ቢሞት ትለቋታላችሁ? ብትወጣ በምን ሁኔታ ትሸኟታላችሁ? የመጨረሻውን ሳያፍሩ ይጠይቁ። ከማኅበር የሚወጣ ሰው ለሠራው ሥራ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ማኅበሩ ግን በፍትሐዊነትና በፍቅር እንዲያደርግለት ቀኖናው ያዝዛል። ያንን በተግባር እንዴት እንደሚያደርጉት ከሚሰጡት መልስ ይረዳሉ። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ለልጅዎ ይንገሯት። ደግ ከሆነም ይንገሯት።

ከልጅዎ ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ በ«ለምን» ባይጀምሩ ጥሩ ነው፤ «ለምን» የተባለ ሰው መከላከል ይጀምራል። «እዚያ ስትሄጂ ምን ታገኛለሽ? ስትጸልዩ እንዴት ነው? የቷን ሲስተር ትወጃታለሽ?» ብለው ይጀምሩ። ያኔ ጓዳ ስለገቡ ያላወራችዎት ብዙ ነገር አለ ብዬ እገምታለሁ። ስለ አባቷም ያንሡባት። «አባትሽ ቢኖር ምን ይልሽ ነበር?» ብለው ይጠይቋትና መልሷን ሳያቋርጡ ይስሟት። ማልቀስ ከመጣም ሁለታችሁም አልቅሱ፤ ለእሱ አብራችሁ ካለቀሳችሁ ቆይታችሁ ይሆናል።

ቅሪ ልበላት ወይስ ልመርቃት ላሉት፣ «ቅሪ» ማለት መብትዎ ነው፤ ስሜትዎ ከሆነ ይንገሯት፣ ትስማዎ። ውሳኔው ግን የእሷ ነው፤ 24 ዓመቷ ነው። ምርቃቱን በተመለከተ ደግሞ ዛሬ ለዘላለሙ መመረቅ የለብዎትም። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ልጅዎን የምትጠይቃት ደረጃ በደረጃ ነው፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ለአሁኑ «ይህን ዓመት እግዚአብሔር ይምራሽ፤ የሚሻልሽን ያሳይሽ» ይበሏት። ኖቪስ ስትሆን እንደገና ትጠይቅዎት። ለመጀመሪያው መሐላ ሲጠሩዎት ያኔ ልብዎ የሚለውን ያውቁታል።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ያዩትን ይጻፉልኝ።